ለፍላፊ ውሃ

አማቴ ሄድቪግ፣ ሁሉም ሄቴ የሚላት፣ በዓመት አንድ ቀን ድዳ ትሆናለች። በሌላው ቀን ምላሷ አያርፍም፤ ዶሮዎቹን ትራገማለች፣ ከሬዲዮው ጋር ትከራከራለች፣ ልጇን ራይናርን፣ ባሌን ማለቴ ነው፣ ጸጉሩ ከሸበተም በኋላ ኮቱን እንዴት እንደሚቆልፍ ታስተምረዋለች። በፋሲካ እሑድ ግን ገና ሳይነጋ ጀምሮ የበጉ ጥብስ ገበታ ላይ እስኪቀርብ ድረስ ከአፏ አንዲት ቃል አትወጣም። ከኦደር ወንዝ ግድብ ጀርባ ባለችው መንደራችን "የሄቴ ድምፅ ከተሰማ ጥብሱ ደርሷል" ይባላል።

እኔ ካሮላ እባላለሁ፤ ከሃሌ ከተማ ነው ተድሬ የመጣሁት። የጥርስ ሐኪም ረዳት ስለሆንኩ ቀኑን ሙሉ ሰዎችን "አፍ ክፈቱ" ስል ነው የምውለው። እግዜር ሲቀልድብኝ በበዓል ቀን አፏን የማትከፍት አማት ሰጠኝ። መጀመሪያ የተዋወቅን ዕለት "እርስዎ" ብዬ ሳናግራት "አንቱታሽን ለቄሱ አቆዪው፤ እኔ ሄቴ ነኝ" ብላ አንድ መለኪያ የፕለም አረቄ አስጨበጠችኝ። ስለዚህ አንቺ እላታለሁ። የሚያነብ ሰው ድፍረት እንዳይመስለው ብዬ ነው የምናገረው።

የመጀመሪያውን ፋሲካ አልረሳውም። ወጥ ቤት ገብቼ "እንኳን አደረሰሽ፣ ምን ልርዳሽ?" ብላት ዝም። "ተቀይመሽኛል እንዴ?" ብላት ዝም። በጭልፋው ወደ መደርደሪያው ጠቆመችኝ፤ ጨው መስሎኝ ያነሳሁት ስኳር ነበር፤ በዚያው ጭልፋ እጄን ቸብ አደረገችኝ። እንባዬ እየመጣ ወደ ራይናር ሮጬ "እናትህ ጠልታኛለች" አልኩት። እሱ ጫማውን እየወለወለ፣ ቀና እንኳ ሳይል፣ "አልጠላችሽም፤ ውሃው ነው" አለኝ።

ውሃው የፋሲካ ውሃ ነው። ሴቶች ጸሐይ ሳትወጣ ወደሚፈስ ውሃ ይወርዱና ወራጁ በሚሄድበት አቅጣጫ ይቀዳሉ። ሲሄዱም ሲመለሱም መናገር የለም። እንዲህ የተቀዳ ውሃ ዓመቱን ሙሉ አይሸትም፣ ፊት ያሳምራል፣ ከብት ይፈውሳል ይላሉ። በመንገድ ላይ አንዲት ቃል ከተነፈስሽ ግን ለፍላፊ ውሃ ይሆናል፤ ለዝይ ከመስጠት በቀር አይረባም። የመንደሩ ጎረምሶች ታዲያ የዚያን ዕለት ሥራቸው ከአኻያ ዛፍ ጀርባ ተደብቀው ሴቶቹን ማናገር ነው። "ቀሚስሽ ከኋላ ተቀዷል!"፣ "ቤታችሁ እየተቃጠለ ነው!"፣ "እጮኛሽ ከእህትሽ ጋር ታየ!" ይላሉ። ሴቷ ከንፈሯን ነክሳ ታልፋለች። ካልመለሰች አሸነፈች።

ሌሎቹ ቤቶች በውሃው ፊታቸውን ይታጠባሉ። በእኛ ቤት ብቻ በጉ ላይ ይፈሳል። ለምን እንደሆነ ለብዙ ዓመታት አልጠየቅሁም፤ የሰው ቤት ልማድ ብዬ ተውኩት።

የሄቴ ጥብስ የሚጀምረው ገና ስቅለት ሳይደርስ ነው። ከእረኛው የምትገዛው የጠቦት ታፋ ምድር ቤት ወርዶ በአሬራ ይዘፈዘፋል፤ አሬራው ጠረኑን ይስባል፣ ሥጋውንም ያለሰልሳል። እሑድ ጠዋት ታወጣውና በጨርቅ አድርቃ በቀጭን ቢላ ትወጋዋለች፤ በየቀዳዳው ነጭ ሽንኩርት ትሸጉጣለች። ከላይ ሰናፍጭ፣ ጨው፣ ጦስኝና የተወቀጠ የጥድ ፍሬ ትቀባዋለች። የብረት መጥበሻው ላይ ካሮትና ሽንኩርት አንጥፋ ታፋውን ታስተኛበታለች፤ በለዘበ እሳት እስከ ቀትር ይበስላል። እሷም ምድጃው ፊት ወንበር ስባ ትቀመጣለች። በየጊዜው በሩን ትከፍትና የፋሲካውን ውሃ ከሸክላ ማሰሮው በጭልፋ እየቀዳች ትንሽ ትንሽ ታፈስበታለች። ሥጋው ይንጫጫል፣ እሷ ዝም ትላለች።

ሌላው አባዜዋ ሳህን ነው። የበግ ሞራ ቀዝቃዛ ሳህን ካገኘ ወዲያው ይረጋል፤ በግ የሚጠብስ ሁሉ ይህን ያውቃል፣ ሳህን ያሞቃል። ሄቴ ግን እንደታመመ ልጅ ግንባር ደጋግማ ትዳስሳቸዋለች። ደግሞ ሁልጊዜ አንድ ሳህን ትርፍ ታሞቃለች። የባሌ አባት ካረፉ ወዲህ ሦስት ሆነን ነው የምንበላው፤ እሷ የምታሞቀው አራት ነው። አራተኛዋ ጠርዟ የተሸረፈች ያችው አንዲት ሳህን ናት፤ ገበታ ላይ አትመጣም፣ በልተን እስክንነሳ ምድጃው ላይ እንደሞቀች ትቆያለች። ራይናርን ብጠይቀው "ምናልባት አንዱ ቢሰበር ብላ ይሆናል" አለኝ። ሰው በእናቱ ቤት ተወልዶ አድጎ ምንም ሳያይ መኖር እንደሚችል ከእሱ ነው የተማርኩት።

ሄቴ ዕድሜዋን በሙሉ በመንደሩ የኅብረት እርሻ ላም ስታልብ የኖረች ሴት ናት። ጣቶቿ እስከ ዛሬ የወንድ ጣት ይመስላሉ። አንድ ነገር ግን ሁሉም ሰው ይመሰክርላታል፤ ማንም ሰው ሁለቴ ጠርቷት አያውቅም። ስሟ ሲጠራ የያዘችውን ጥላ "አቤት! መጣሁ!" ትላለች። የጎረቤት ልጅ ከአጥር ማዶ ሲጠራት ወተቱን እሳት ላይ ትታ ስትሮጥ፣ ወተቱ ገንፍሎ ምድጃው ሲጨስ አይቻለሁ። ጨዋነት ይመስለኝ ነበር። ራይናርም አንድ ጊዜ ነግሮኛል፤ ከእናቱ የቀመሰው ጥፊ አንድ ብቻ ነው፣ እሱም ልጅ ሳለ ገንዳ ውስጥ ሆኖ "ሰመጥኩ!" እያለ ሲቀልድ የቀመሰው።

ባለፈው ክረምት በረዶ ላይ ወድቃ ዳሌዋ ተሰበረ። በዱላ ከወጥ ቤት እስከ ደጅ ትደርሳለች እንጂ ውሃው ወደሚቀዳበት ቦይ መውረድ የሕልም እንጀራ ሆነባት። ፋሲካ ሲቃረብ አንድ ቀን ድንች ስንልጥ፣ "ዘንድሮ ውሃውን የምትቀጂው አንቺ ነሽ" አለችኝ።

"እኔ? ሁለት ቃል ሳልናገር ደረጃ የማልወርደው?"

"ለዚህ እኮ ነው አስቀድሜ የምነግርሽ። እስከዚያ አፍሽን አለማምጂው።"

"ከቧንቧ ብንቀዳው ማን ያውቃል? በጉ እንደሆነ አይናገርም" ብዬ ሳቅሁ።

ቢላዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። "ወንድም ነበረኝ" አለች።

በዚያ ቤት ስኖር ሄቴ ወንድም እንደነበራት ሰምቼ አላውቅም። ራይናርም አያውቅም። ዓይኗን ከድንቹ ልጣጭ ላይ ሳታነሳ ነገረችኝ።

"አርኖ ይባላል። ታላቄ ነው። ቀልደኛ ነበር፣ ቀልዱ ልክ የለውም። በየፋሲካው እኔን ለማናገር ያልሞከረው ነገር የለም፤ አንዴም አልሆነለትም። የዚያን ዓመት ፋሲካ ቀድሞ ገባ፤ ቦዩ ዳር ገና በረዶ ነበር፣ ከሥሩ ማጥ ነው። ውሃዬን ቀድቼ ስመለስ ከኋላዬ፣ ከሸምበቆው ውስጥ ጠራኝ። 'ሄቴ! ማጡ ያዘኝ፣ ነይ ጎትቺኝ!' አለ።"

"እና?"

"ፈገግ አልኩ።"

ድንቹ ከእጄ አመለጠ።

"ዘንድሮስ ደህና አድርጎ ያስመስላል ብዬ ፈገግ አልኩ፣ ካሮላ። ደጋግሞ ጠራኝ። እያለቀሰም ጠራኝ። እርምጃዬን አፈጠንኩ። ወደ መንደሩ የሚወስደውን ድልድይ ስሻገር ዝም አለ፤ ተስፋ ቆረጠ ብዬ ደስ አለኝ። ቤት ገብቼ ማሰሮውን እናቴ ፊት አስቀመጥኩና አፌን ከፈትኩ። 'አርኖን አሸነፍኩት!' ነበር ያልኩት።"

የወደቀውን ድንች አነሳሁ። እሷ ቀጠለች።

"ጥብሱ ሲደርስ እናቴ ድርሻውን ሳህኑ ላይ አወጣችለት፤ አሁን ይመጣል ብላ። ሲዘገይ የቀረውን ሥጋ ወደ ምድጃው መለሰችው። እንዳይደርቅበት ብላ እኔ ያመጣሁትን ውሃ ትንሽ ትንሽ ታፈስበት ጀመር። አባቴና ጎረቤቶች በሳንቃ ተሸክመውት እስኪገቡ ድረስ ታፈስ ነበር። ሳህኑ ላይ ሞራው ነጭ ሆኖ ረግቶ ነበር። እስከ ዛሬ የሚታየኝ ፊቱ አይደለም። ያ ሳህን ነው።"

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይባላል። ስሰማው የምስቅበት ተረት ነበር፤ ከዚያን ቀን ወዲህ አልሳቅሁበትም።

"አሁንም ይጠራኛል" አለች። "በየዓመቱ። ውሃውን ይዤ ስመለስ፣ እስከ ድልድዩ።"

እኔ በሙት ድምፅ የማምን ሴት አይደለሁም። ግን ሄቴን አምናታለሁ። "አንቺስ ምን ታደርጊያለሽ?" አልኳት።

"ያኔ ያደረግሁትን። እሄዳለሁ።"

"ለምን አትመልሺለትም፣ እማማ? አንዴ አቤት ብትዪው ምን ትሆኛለሽ?"

ተቆጣች። "አሁን አፌን ከከፈትኩ፣ ያን ቀን የዘጋሁት ለምን ነበር? ወንድሜን የለወጥኩት በለፍላፊ ውሃ ነው? ቢያንስ ውሃው ንጹሕ ይሁን!" ከዚያ በዚያ በወንድ ጣቷ ክንዴን ጨበጠች። "የምትሰሚው ነገር ቢኖር አትመልሺ። ቃል ግቢልኝ።"

ቃል ገባሁላት። ምን ላድርግ?

በፋሲካ ንጋት ስነሳ ሄቴ ለባብሳ ወጥ ቤት ተቀምጣ አገኘኋት። ዝምታዋን ጀምራለች። ማሰሮውን አስታቅፋኝ በዱላዋ በሩን ጠቆመችኝ። ወጣሁ። ጉሙ ሜዳውን ሸፍኖታል፣ ሣሩ ጫማዬን አረጠበው። በሆዴ አጉረመረምኩ፣ ለራሴ ስብከት ሰበክሁ፣ አፌ ግን እንደተዘጋ ነበር።

አኻያዎቹ ጋ ስደርስ ጎረቤታችን ሎታር ብቅ አለ። ዕድሜው ገፍቶም ጎረምሳ ነኝ የሚል ሰው ነው። "ካሮላ!" አለ፣ "ራይናር አልጋ ላይ ያየኋት ባለ ቀይ ጸጉር ማን ናት?" ሌላ ቀን ቢሆን ሰው ሠራሽ ጥርሱን ማን እንደለካለት አስታውሰው ነበር። ዝም ብዬ አለፍኩ። "በአማትሽ ወጣሽ፣ ደረቅ!" ብሎኝ ውሻውን ጠርቶ ወደ ቤቱ አቀና። የባትሪው ብርሃን ግቢው ውስጥ ሲገባ አየሁ።

ቦዩ ጋ ወረድኩ፣ በወራጁ አቅጣጫ ቀዳሁ፣ ማሰሮውን ታቅፌ ተመለስኩ። ቀላል ነው ብዬ ማሰብ ስጀምር ከኋላዬ ስም ተጠራ።

"ሄቴ!"

የወንድ ድምፅ ነው፤ የወጣት ወንድ። ከሸምበቆው በኩል ነው የመጣው። ሎታር ዞሮ መጣ ማለት ነው አልኩ። ታሪኩን ከማን ሰማው? ይህ ሽማግሌ ዘንድሮስ አበዛው ብዬ ደሜ ፈላ። እርምጃዬን አፈጠንኩ።

"ሄቴ፣ ጎትቺኝ!"

ደህና አድርጎ ያስመስላል አልኩ በሆዴ። ድልድዩ ላይ ልወጣ ስል ጥርሴን ብርድ ነካኝ። አፌን ዘግቼ ጥርሴን ምን አበረደው? ያኔ ነው ያወቅሁት። ፈገግ ብያለሁ።

እግሬ እዚያው ተተከለ። ቃሌን አሰብኩ። ምድጃው ፊት የተቀመጠችውን አሮጊት አሰብኩ፣ ንጹሕ ውሃዋን አሰብኩ። ድምፁ አሁንም ይጠራል። ዞርኩና ባለኝ አቅም ሁሉ "የት ነህ? መጣሁ! ቆይ፣ መጣሁ!" ብዬ ጮኽኩ። ማሰሮውን ሣሩ ላይ አስቀምጬ ሮጥኩ። ሸምበቆው ውስጥ ስገባ ማጡ እስከ ጉልበቴ ዋጠኝ። በሁለት እጄ እየገለጥኩ "እጅህን ስጠኝ! እጅህን!" እላለሁ። አንዲት የውሃ ወፍ ተነስታ በረረች። ሰው የለም። ማጡ ላይ ከእኔ ዱካ በቀር ዱካ አልነበረም። ድምፁም ተቋርጧል። በሕይወቴ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም።

ከማጡ ወጥቼ ማሰሮውን ሳነሳ ጸሐይ ከግድቡ በላይ ብቅ ብላለች። ደፍቼ እንደገና ልቅዳ ብልም ጊዜው አልፏል። ሎታር ደጁ ላይ ውሻውን ያበላል።

"ከሸምበቆው ውስጥ የጠራኸኝ አንተ ነህ?" አልኩት።

"እኔ አንዴ ሞከርኩሽ፣ እምቢ አልሽ፣ ገባሁ። በዚህ ብርድ ሸምበቆ ውስጥ ምን እሠራለሁ?" ከዚያ ፊቱ በራ። "እንዴ! ተናገርሽ! ለፍላፊ ውሃ!" ብሎ ጭኑን መታ።

ሎታር ሲዋሽ ጆሮው ይቀላል፤ የቁማር ጓደኞቹ ሁሉ የሚያውቁት ነው። ጆሮውን አየሁት። አልቀላም።

ቀሪውን መንገድ ከራሴ ጋር ተሟገትኩ። በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም። ማሰሮውን ባስረክባት ሎታር ለማን ያወራል? ቢያወራስ ሎታርን ማን ያምነዋል? ሴትዮዋ አርጅታለች፤ በእጇ የቀራት ያ ንጹሕ ውሃ ብቻ ነው። ዝም እላለሁ ብዬ ወስኜ በሩን ከፈትኩ።

ታፋው ምድጃ ውስጥ ገብቶ መንጫጫት ጀምሯል፤ የጦስኙና የነጭ ሽንኩርቱ ሽታ ቤቱን ሞልቶታል። ሄቴ ጭልፋዋን ይዛ ወንበሯ ላይ ናት። ሳህኖቹ ምድጃው ላይ ተደርድረዋል፤ የተሸረፈችውም አለች። እጇን ዘርግታ ማሰሮውን ተቀበለችኝ። ከዚያ እግሬን አየች። እስከ ጉልበቴ ጥቁር ማጥ ነኝ። ቀና ብላ ፊቴን አየችው። እንዲያ ያለ ዓይን ፊት መዋሸት አልቻልኩም።

የማሰሮውን አፍ በመዳፌ ከደንኩት። "እማማ፣ ለፍላፊ ውሃ ነው" አልኳት። "ጠራ። መለስኩለት።"

 ጭልፋውን ትወረውርብኛለች ብዬ ጠበቅሁ። ውጪ ላከችኝ፣ ቃል አስገባችኝ፣ የዕድሜዋን ሙሉ ዝምታ በአንድ ጠዋት አፈረስኩባት፤ ብትወረውርብኝም አልፈርድባትም ነበር። ሥጋው ይንጫጫል። ከዚያ አፏን ከፈተች። ድምፅዋ የሻከረ ነበር።

"ምን አልሽው?"

"መጣሁ አልኩት።"

"እሱስ?"

"ዝም አለ። ከመለስኩለት ወዲያ አልጠራም።"

ሄቴ አለቀሰች። ባሏን ስትቀብር ያላለቀሰች ሴት፣ ድምፅ አውጥታ አለቀሰች። እግሬ ላይ ያለውን ማጥ ሳልጠርግ ተንበርክኬ አቀፍኳት፤ እኔም አለቀስኩ። ለማን እንደማለቅስ አላውቅም፤ ፊቱን አይቼው ለማላውቀው ሰው ይመስለኛል። ትንሽ ቆይታ በትከሻዋ ገፋ አደረገችኝ።

"ልቀቂኝ፤ ሥጋው ደረቀ።"

የምድጃውን በር ከፈተች። ጭልፋውን ማሰሮው ውስጥ ነክራ ለአፍታ ያዘችው። "ለፍላፊም ቢሆን ውሃ ነው" አለችና አፈሰሰችው።

ራይናር ድምፅዋን ሰምቶ ከላይ ቤት እየሮጠ ወረደ። "ደረሰ እንዴ?" አለ፣ ገና የሌሊት ልብሱን እንደለበሰ።

"ምኑ ይደርሳል? ገና አሁን ገባ። ሂድና ሰው መስለህ ልበስ፣ ቁልፍህን አስተካክል!"

ራይናር በፋሲካ ጠዋት የእናቱን ድምፅ ሲሰማ የመጀመሪያው ነው። አፉን ከፍቶ ቀረ። በሥራ ዘመኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው "አፍህን ዝጋ" አልኩ።

እስከ ቀትር አላረፈችም። ድንቹ አልተደበለበለም አለች፣ ፎሶሊያው በዛ አለች፣ ፎሶሊያው ላይ የተጠቀለለው የአሳማ ስብ ቀጠነ አለች፤ በየመሐሉም "ካሮላ፣ ሳህኖቹ ሞቀዋል?" ትለኛለች። "ሞቀዋል" እላታለሁ። አንዳንዴ ዝም ብላ ወደ መስኮቱ፣ ወደ ቦዩ በኩል ጆሮዋን ታዘነብላለች። እኔም አዘነብላለሁ። ምንም አይሰማም።

ጥብሱ ወጣ። ራይናር ቆራረጠው፣ ሄቴ መረቁን አፈሰሰችበት። የእኔንና የራይናርን ሳህን በጨርቅ ይዛ አመጣች። የራሷን እዚያው ምድጃው ላይ ተወችና የተሸረፈችውን አንስታ በራሷ ቦታ አስቀመጠቻት። ራይናር ሳህኗን አየ፣ እኔን አየ።

"ይቺ ገበታ ላይ የማትወጣዋ አይደለችም?"

"ናት" አለች ሄቴ። "የአርኖ ናት።"

"አርኖ ማነው?"

"መጀመሪያ ብላ፤ እነግርሃለሁ።"

ሥጋዋን በትንንሹ እየቆረጠች፣ መረቁን በድንቹ እየጠረገች፣ ቀስ ብላ በላች። እኔ ግን ፊቷን ሳይሆን ሳህኗን ነበር የማየው። በልታ እስክትጨርስ ድረስ ሞራው አልረጋም።